ስለ ረዥም የእንግሊዝኛ ቃላት አከፋፈል የተሰጠ ዲስኩር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ፣ ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው፣ የሰዋስው መምህራንን ብቻ የሚያከራክር ጥቃቅን ነገር ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ሒሳቡንም፣ የተፈጥሮ ሳይንሱንም፣ የዓለም ታሪኩንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለሚማር የአገራችን ወጣት፣ ረዥሙን የባዕድ ቃል እንዴት ከፍሎ እንደሚያነብና እንዴት ከፍሎ እንደሚረዳ ማወቅ የዘወትር ሥራው ነው። ዐሥራ አምስትና ሃያ ፊደል የተደረደረበት ቃል በገጹ ላይ ሲያጋጥመው፣ ተማሪው ከሁለት ነገር አንዱን ሲያደርግ እናያለን፤ ወይ ዐይኑን ወደሚቀጥለው ቃል ያሻግራል፣ ወይም ቃሉን በጭፍን አጥንቶ፣ ምን እንደሚል ሳያውቅ ለፈተና ያደርሰዋል። ሁለቱም የሚመጡት ረዥሙ ቃል አንድ ወጥ ነገር ነው ከማለት ነው።

ባለሙያ ሴት ዶሮውን ዐሥራ ሁለት ብልት ስታወጣ ቢላዋዋ አጥንት አይሰብርም፤ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ይገባል እንጂ። የእንግሊዝኛውም ረዥም ቃል እንዲሁ መገጣጠሚያ አለው፤ ዳሩ ግን ከዶሮው የሚለየው፣ መገጣጠሚያው ሁለት ዓይነት በመሆኑና ሁለቱም ዘወትር በአንድ ቦታ ላይ የማይውሉ በመሆናቸው ነው። አንደኛው የአፍ መገጣጠሚያ ነው፤ ሁለተኛው የትርጉም መገጣጠሚያ ነው። በአፍ መገጣጠሚያው የሚከፍል ሰው ቃሉን አሳምሮ ያነባል፤ በትርጉም መገጣጠሚያው የሚከፍል ሰው ቃሉን ይረዳዋል፣ አጻጻፉንም አይስትም። የዚህ ዲስኩር ፍሬ ነገር እንግዲህ፣ ተማሪው ሁለቱንም መክፈያ ለይቶ ማወቅ እንዳለበትና በየትኛው ጊዜ በየትኛው እንደሚጠቀም መማር እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የምናገርባቸውን ነገሮች ልለይ። ቀለም የምለው፣ የግጥም ሊቃውንት የስንኙን ልክ ሲመጥኑ እንደሚቆጥሩት ያለ፣ በአንድ አናባቢ ዙሪያ ተሰብስቦ አፍ አንድ ጊዜ ሲከፈት የሚወጣውን ድምፅ ነው። ዘርና ባዕድ የምለው ደግሞ ትርጉም የሚሸከመውንና ከዚያ በታች ቢከፈል ትርጉሙ የሚጠፋውን የቃል ክፍል ነው፤ የቃሉ መሠረት ዘር ሲባል፣ ከፊቱ የሚቀጠለው ባዕድ መነሻ፣ ከኋላው የሚቀጠለው ባዕድ መድረሻ ይባላል። እንግሊዞች አዞን «ክሮኮዳይል» ይሉታል፤ ይህ ቃል በአነጋገር ሦስት ቀለም ነው፣ በትርጉም ግን አንድ ብቻ ነው፤ ማናቸውንም ክፍሉን ለብቻው ብንወስድ በእንግሊዝኛ የአዞ እግር ወይም የአዞ ጅራት አይሆንልንም። በአንጻሩ «ካትስ» ማለት ድመቶች፣ በአነጋገር አንዲት ቀለም ብቻ ስትሆን በትርጉም ሁለት ናት፤ «ካት» እንስሳይቱን ትናገራለች፣ በመጨረሻ የተጨመረችው «ስ» ብዛትን ታመለክታለች፣ ራሷን ችላ ግን ቀለም አልሆነችም። ቀለምና ትርጉም የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ ከእነዚህ ከሁለቱ ቃላት የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ስለ ቀለም ስንናገር፣ እኛ በፊደላችን ያደግን ሰዎች ከእንግሊዝ ልጅ የምንለይበትን ነገር ማስተዋል ይገባናል። በግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ይዞ ስለሚጻፍ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ባሉት ሰባቱ መልኮች ቀለሙ በዐይን ይታያል፤ አንባቢው የሚያመነታው በሳድሱ ላይ ብቻ ነው፤ ሳድስ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ አለው፣ አንዳንድ ጊዜ የለውምና። ስለዚህም ጥንታውያን ጸሐፍት ብራና ላይ ሲጽፉ፣ ዐምዱ ባለቀበት ቦታ ቃሉን በማናቸውም ሆሄ ላይ ቆርጠው ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግሩት ነበር፤ የቃሉን ፍጻሜ ሁለት ነጥብ ስለሚያሳውቅ አንባቢው አይሳሳትም ነበር። በላቲን ፊደል ግን አናባቢው ለብቻው፣ ተነባቢው ለብቻው ይጻፋል፤ የቀለሙም ወሰን በዐይን ስለማይታይ በጆሮ መፈለግ አለበት።

ይህንንም በጆሮ መፈለግ ለእኛ የሚያከብደው ሌላ ምክንያት አለ። እንግሊዝኛ በቀለም መጀመሪያ ላይ ሦስት ተነባቢ ያለ አናባቢ መደርደር ይፈቅዳል፤ በመጨረሻውም ሌሎች ይከመሩበታል፤ ኀይሎች ወይም ብርታቶች ማለት የሆነው «ስትሬንግስ» በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ዘጠኝ ፊደል ሲኖረው፣ አነጋገሩ ግን አንዲት ቀለም ብቻ ነው። የእኛ ልሳን በቃል መጀመሪያ ላይ የተነባቢ ክምር ስለማይወድ፣ ስፖርትን «እስፖርት» ብለን አንዲት «እ» እንቀድምለታለን፤ በዚህም እንግሊዙ በአንድ ቀለም የሚናገረው ቃል በአፋችን ሁለት ቀለም ይሆናል። በተቃራኒው ስፋት ወይም አካባቢ ማለት የሆነው «ኤሪያ» በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ብቻ ሲኖረው ሦስት ቀለም ነው። እንግዲህ የቀለም ቁጥር በፊደል ብዛት አይለካም፤ የሚቈጠረው የሚሰማው አናባቢ ነው። ሁለት ተነባቢ በሁለት አናባቢ መካከል ቢገናኙ አብዛኛውን ጊዜ መክፈያው በመካከላቸው ይገባል፣ «ናፕ-ኪን»፣ «ባስ-ኬት» እንደሚባለው። አንድ ተነባቢ ብቻ ሲሆንና የፊተኛው አናባቢ ረዥም ሲሆን ተነባቢው ወደ ኋለኛው ቀለም ይሄዳል፤ «ፔ-ፐር»፣ «ታይ-ገር» ይባላል። የፊተኛው አናባቢ አጭር ሲሆን ግን ተነባቢው ከፊተኛው ጋራ ይቀራል፤ «ሃብ-ኢት»፣ «ካብ-ኢን» ይባላል።

ከዚህም በላይ በእንግሊዝኛ ቀለማት ሁሉ እኩል አይደሉም፤ በየቃሉ ውስጥ አንዲቱ ቀለም ጐልታ ስትነገር የቀሩት ይደክማሉ። እኛ በአማርኛ ቀለማቱን በተቀራረበ ጉልበት ስለምንናገር ይህ ልማድ ለጆሮአችን እንግዳ ነው። ምስሉን «ፎ-ተ-ግራፍ» ሲሉት የመጀመሪያው ቀለም ይጐላል፤ ሙያውን «ፈ-ቶ-ግረ-ፊ» ሲሉት ሁለተኛው ይጐላል፤ ቅጽሉን «ፎ-ተ-ግራ-ፊክ» ሲሉት ሦስተኛው ይጐላል። አጻጻፉ ሳይለወጥ፣ የደከመው አናባቢ ሁሉ የእኛን የግዕዝ ቤት ድምፅ ወደሚመስል ወደ ደብዛዛ ድምፅ ሲወርድ እናያለን። ይህ መለዋወጥ ግን ሥርዐት የሌለው አይደለም፤ «ኢክ»፣ «ሽን» እና «ኢቲ» የሚባሉት ባዕድ መድረሻዎች፣ ከጥቂት ቃላት በቀር፣ ጉልበቱን ከእነሱ በፊት ወዳለችው ቀለም ይስቡታል። ስለዚህ የቃሉን መድረሻ ያወቀ ሰው፣ ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቶት ባያውቅም፣ የት ላይ ማጉላት እንደሚገባው አስቀድሞ ያውቃል፤ የትርጉሙ መገጣጠሚያ ለአፉ መሪ ሆነ ማለት ነው።

ቃሉን በአፍ ወይስ በትርጉም እንክፈል የሚለው ጥያቄ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ቢሆን የቆየ ክርክር ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተሰራጭቶ የነበረው የቶማስ ዲልዎርዝ የንባብ መጽሐፍ፣ ዘለላ ማለት የሆነውን ቃል «ክላ-ስተር» እያለ ይከፍል ነበር። ኖኅ ዌብስተር የተባለው አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1783 የራሱን የፊደል መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ይህን ነቀፈ፤ ልጅ ቃሉን እንደሚነገር አድርጎ ቢከፍል አነጋገሩን ራሱ ያገኘዋልና «ክላስ-ተር» መባል አለበት ሲል ተከራከረ፤ የቀድሞዎቹ መጻሕፍት ሁለት ቀለም አድርገው የሚከፍሉትንም «ሽን» የሚለውን መድረሻ አንድ ቀለም አደረገው። የአሜሪካ አታሚዎች እስካሁን በመስመር መጨረሻ ላይ ቃል ሲቈርጡ ይህንን የአነጋገር መንገድ ይከተላሉ፤ የእንግሊዝ አታሚዎች ግን ለቃሉ አመጣጥ የበለጠ ክብር ይሰጡ ስለ ነበረ፣ ዕውቀት ማለት የሆነውን ቃል አሜሪካዊው «ኖል-ኤጅ» ሲል፣ እንግሊዛዊው ማወቅ የሚለውን ዘር ሳይነካ «ኖው-ሌጅ» ብሎ ይቈርጠዋል። ሁለቱም አንድ ቃል ይጽፋሉ፤ አንደኛው ለጆሮ፣ ሁለተኛው ለልቡና አድልቷል።

አከፋፈሉ የማይታለፍ ነገር መሆኑን ደግሞ በእኛ ዘመን የኮምፒዩተር መሐንዲሶች አይተውታል። ፍራንክሊን ሊያንግ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ኮምፒዩተሩ የእንግሊዝኛን ቃል በመስመር መጨረሻ ላይ በራሱ እንዲከፍል 4,447 የፊደል ንድፎች አዘጋጀ፤ እነዚህም በአንድ የኪስ መዝገበ ቃላት ውስጥ ካሉት መክፈያዎች 89 በመቶውን ስሕተት የለሽ ለማለት በሚቻል ሁኔታ አገኙ። ነገር ግን ስጦታ ማለት ሲሆን «ፕሬዝ-ንት»፣ መስጠት ወይም ማቅረብ ማለት ሲሆን «ፕሪ-ዜንት» ተብሎ የሚነገረውን ቃል፣ አጻጻፉ አንድ ስለ ሆነ፣ ፊደል ብቻ የሚያይ ኮምፒዩተር የቱ እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ይህ ቃልና እንደ እርሱ ያለው «ፕሮጀክት» ጨርሶ እንዳይከፈሉ በልዩ ዝርዝር ውስጥ ተጻፉ። የአፍ መገጣጠሚያ እንኳ ትርጉሙን ሳያውቁ የማይገኝበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው መክፈያ እንሻገር። የእንግሊዝኛ ረዣዥም ቃላት የሚበዙት ቋንቋው በሦስት ዘመናት ሦስት ዓይነት ሀብት ስላከማቸ ነው። የመጀመሪያው የጥንቱ ሳክሶኖች ቋንቋ ነው፤ ወዳጅ ከሚለው «ፍሬንድ» ተነሥቶ «አን-ፍሬንድ-ሊ-ነስ»፣ ማለት ወዳጅነት የጐደለው ጠባይ፣ እስኪል ድረስ የሚቀጠለው ሁሉ የዚያ ወገን ነው። ሁለተኛው፣ የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ በቤተ መንግሥቱና በፍርድ ሸንጎው በኩል የገባው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሦስተኛው፣ ሊቃውንት የጥንቱን መጻሕፍት እንደ ገና መመርመር በጀመሩበት ዘመንና ከዚያም ወዲህ፣ ለአዲስ ዕውቀት አዲስ ስም ሲፈልጉ ከላቲንና ከግሪክ የቀዱት ነው። በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ተማሪውን የሚያስፈራው ብዙውን ጊዜ ይህ ሦስተኛው ወገን ነው፤ ሆኖም ክፍሎቹ ቍጥራቸው የተወሰነና ተመላላሾች ስለ ሆኑ ለመማር የሚቀለውም እርሱ ነው።

በዚህ በግሪኩ ወገን ደግሞ የአገራችን ሰው ባዕድ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን በኩል የገቡ የግሪክ ቃላት በአፉ ላይ አሉና። ኤጲስ ቆጶስ ስንል ከግሪኩ «ኤፒ» ማለት በላይ፣ ከ«ስኮፖስ» ማለት ተመልካች፣ የተገጣጠመ ቃል እየተናገርን ነው፤ በመንጋው ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ማለት ነው። ይኸው መመልከት የሚለው ዘር በ«ማይክሮ-ስኮፕ» ውስጥ ታናሹን ነገር፣ በ«ቴሌ-ስኮፕ» ውስጥ ሩቁን ነገር ይመለከታል። ሲኖዶስ ማለት «ሲን» አብሮ፣ «ሆዶስ» መንገድ፣ በአንድ መንገድ መገናኘት ነው፤ «ሆዶስ» በእንግሊዝኛው «ኤክሶደስ» ውስጥ የመውጣት መንገድ፣ በ«ሜተድ» ውስጥ ነገርን የመከታተያ መንገድ ሆኖ ይገኛል። ኦርቶዶክስ ከሚለው ውስጥ «ኦርቶስ» ማለት ቀጥተኛ የሆነውን ያወጣ ተማሪ፣ «ኦርቶግራፊ» ቀጥተኛ አጻጻፍ፣ «ኦርቶዶንቲስት» ጥርስ የሚያቃና ሐኪም መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። መነኮሰ ብለን የምንናገረውም «ሞኖስ» ማለት ብቸኛ ከሚለው ዘር የመጣ ነው፤ «ሞኖፖሊ» ንግድን ለብቻ መያዝ፣ «ሞኖሎግ» የብቻ ንግግር መሆኑ ከዚያ ይታወቃል።

እነዚህን ክፍሎች የያዘ ሰው ከምንም ቃል አይሸሽም። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የእንቈቅልሽ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረው ኤቨረት ስሚዝ፣ ከሁሉ የረዘመ ቃል ለመሥራት ሲል «ኒሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልካኖኮኒኦሲስ» የሚል ባለ 45 ፊደል የበሽታ ስም አዘጋጀ። ቃሉ ለጨዋታ ተሠራ እንጂ ክፍሎቹ እውነተኞች ናቸው፤ «ኒሞኖ» ሳንባ፣ «አልትራ» ከወሰን ያለፈ፣ «ማይክሮ» ታናሽ፣ «ስኮፕ» መመልከት፣ «ኢክ» የቅጽል መድረሻ፣ «ሲሊኮ» የአሸዋ ማዕድን፣ «ቮልካኖ» እሳተ ገሞራ፣ «ኮኒ» ትቢያ፣ «ኦሲስ» ደዌ ነው። በአማርኛ ስናጠቃልለው፣ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ እጅግ የደቀቀ ትቢያ ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ማለት ነው። ከላይ ኤጲስ ቆጶስን የተረጐመልን ዘር በዚህ የበሽታ ስም ውስጥም ተቀምጦ እናገኘዋለን።

በትርጉም መክፈል ለመረዳት ብቻ ሳይሆን ለአጻጻፍም ይጠቅማል። በላቲን በኩል የመጡት ባዕድ መነሻዎች፣ የሚቀጥላቸው ተነባቢ በመጣ ጊዜ መልካቸውን ለውጠው እርሱን ይመስላሉ። አሉታን የሚያመለክተው «ኢን» በ«ኤም»፣ በ«ቢ»ና በ«ፒ» ፊት «ኢም»፣ በ«ኤል» ፊት «ኢል»፣ በ«አር» ፊት «ኢር» ይሆናል፤ የማይቻል «ኢም-ፖሲብል»፣ ሕገ ወጥ «ኢል-ሊጋል»፣ ሥርዐት የሌለው «ኢር-ሬጉላር» ይባላል። ማስተናገድ ወይም ማመቻቸት ማለት የሆነውን «አኮሞዴት» ስንጽፍ ስንት «ሲ»፣ ስንት «ኤም» እንደሚገባ የእንግሊዝ ልጆችም ይጨነቃሉ፤ ክፍሎቹን የሚያውቅ ግን አይጨነቅም፤ «አድ» ማለት ወደ፣ «ኮም» ማለት አብሮ፣ «ሞድ» ማለት ልክ ወይም መጠን፣ «ኤት» የግስ መድረሻ ነው፤ «አድ» ከ«ኮም» ጋራ ሲገናኝ ወደ «አክ» ስለ ተለወጠ ሁለት «ሲ»፣ «ኮም» ከ«ሞድ» ጋራ ስለ ተገናኘ ሁለት «ኤም» ይጻፋል። ይህ ነገር ከእኛም ቋንቋ የራቀ አይደለም። ተሰበረ ብለን ስለ ወደፊቱ ይሰበራል ስንል፣ ያቺ «ተ» የት ገባች ብንል፣ በ«ሰ» ውስጥ ተውጣ «ሰ»ን አጥብቃ ትገኛለች፤ ልዩነቱ ላቲኖች ጥብቀቱን ፊደሉን ደግመው ሲጽፉት፣ እኛ ለአንባቢው ጆሮ ትተነው ማለፋችን ነው።

አሁን ሁለቱን መክፈያዎች በአንድ ቃል ላይ አገናኝተን እንመርምር። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ቤተ ክርስቲያን በሕግ የታወቀችና የተደገፈች ነበረችና፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ድጋፍ ይነሣ የሚሉና አይነሣ የሚሉ ወገኖች ብርቱ ክርክር አድርገዋል፤ በአየርላንድ ግላድስቶን ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1869 በወጣው ሕግ ድጋፉ ተነሥቷል። አይነሣ የሚሉት ወገኖች የያዙት እምነት «አንቲዲስኤስታብሊሽመንቴሪያኒዝም» ይባላል። በትርጉም ስንከፍለው «አንቲ» ተቃውሞ፣ «ዲስ» መሻር፣ «ኤስታብሊሽ» ማጽናት ወይም ማቋቋም፣ «መንት» የስም መድረሻ፣ «ኤሪያን» የዚያ ወገን የሆነ ሰው፣ «ኢዝም» እምነት ወይም ትምህርት፣ በጠቅላላው ስድስት ክፍል ነው። በአፍ ስንከፍለው ግን «አን-ቲ-ዲስ-ኤስ-ታብ-ሊሽ-መን-ቴር-ኢ-አን-ኢ-ዝም» ብሎ ዐሥራ ሁለት ቀለም ይሆናል። እዚህ ላይ «መንት» የሚለውን መድረሻ ተመልከቱ፤ በትርጉም የእርሱ የሆነችው «ት» በአነጋገር ጊዜ ከእርሱ ተለይታ ወደሚቀጥለው ቀለም ሄዳ «ቴር» ትሆናለች። በአፍ ብቻ የከፈለ ሰው «መንት»ን አያገኘውም፤ በትርጉም ብቻ የከፈለም ሰው ሲያነብ ይንተባተባል።

የሁለቱ መክፈያዎች አለመስማማት አንዳንድ ጊዜ ቋንቋውን ራሱን ሲለውጥ ይታያል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ደ ፖንቶን ዳሜኩር እ.ኤ.አ. በ1861 ሄሊኮፕተር የሚለውን ስም ሲያወጣ «ሄሊኮ» ማለት ጠምዛዛ፣ «ፕቴር» ማለት ክንፍ አድርጎ ነበር የገጣጠመው፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍ በ«ፕት» ስለማይጀምር «ሄሊ» ብሎ ቈረጠውና ማረፊያውን «ሄሊፖርት»፣ ሄሊኮፕተሩንም በአጭሩ «ኮፕተር» አለው። «ሃምበርገር» ሃምቡርግ ከተባለችው የጀርመን ከተማ ስም የወጣ ሲሆን፣ «ሃም» በእንግሊዝኛ የዐሣማ ሥጋ ስለ ሆነ ሰዎች በዚያ ላይ ቈርጠው የቀረውን «በርገር» ለአይብም ለዶሮም ቀጠሉት። አልኮሆል የሚለውም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «አል» የዐረብኛ ስም መነሻ ሲሆን፣ «ኩሕል» እኛ ዐይናችንን የምንኳልበት ኩል ነው፤ ደቃቅ ዱቄት ማለት የነበረው ስም በኋላ ተጣርቶ ለወጣው መጠጥ ተሰጠ። ሱሰኛውን «አልኮሆሊክ» ካሉት በኋላ ደግሞ ከመካከሉ ቈርጠው «አሆሊክ» የሚል መድረሻ አበጁና ሥራ ወዳዱን «ወርካሆሊክ» አሉት። እነዚህ ሁሉ በጥንቱ መዝገብ ሲመረመሩ ስሕተት ናቸው፤ ነገር ግን ሕዝብ ከተስማማባቸው በኋላ ሕያው የቋንቋ ክፍል ሆነዋል።

ስለዚህም ተማሪ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ መገጣጠሚያ የመሰለ ሁሉ መገጣጠሚያ አይደለምና። «አንክል» ማለት አጎት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ያለው «አን» አሉታ አይደለም፤ «ማዘር» ማለት እናት ሲሆን፣ ብል ማለት የሆነው «ሞዝ» በአጻጻፍ ቢታይበትም ከብል ጋራ ዝምድና የለውም። ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው «ኢንፍላመብል» ነው፤ በዚህ ቃል ውስጥ «ኢን» አሉታ ሳይሆን ወደ ውስጥ ማለት ነው፤ ቃሉም በቶሎ የሚቀጣጠል ማለት ሆኖ ሳለ፣ የማይቀጣጠል መስሎት አንባቢው እሳት እንዳያቀርብ፣ ስለ እሳት አደጋ የሚያስቡ ሰዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን «ፍላመብል» ብቻ ተብሎ እንዲጻፍ ደክመዋል። ደግሞም ክፍሎቹ እውነተኛ ሲሆኑ እንኳ ድምራቸው ዘወትር ትርጉሙን አይሰጥም፤ መረዳት ማለት የሆነው «አንደርስታንድ» ከ«አንደር» ማለት ሥር፣ ከ«ስታንድ» ማለት መቆም ቢገጣጠምም፣ ከሥር መቆም አይደለም። ክፍሎቹ መንገዱን ያመለክታሉ፤ ፍርዱን የሚሰጡት መዝገበ ቃላቱና የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ናቸው።

ምናልባት ከመካከላችሁ፣ ይህ ሁሉ ክፍፍል ለእኛ ልጆች ከባድ አይሆንምን የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን እላለሁ፤ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ሳያውቀው ከዚህ የጠለቀ ክፍፍል በየቀኑ ያደርጋል። «ስለማይነጋገሩበት» የሚለውን አንድ ቃል ሲሰማ፣ ምክንያቱን በ«ስለ»፣ አሉታውን በ«አይ»፣ እርስ በርስነቱን በግሱ መደጋገም፣ ብዙ መሆናቸውን በ«ኡ»፣ ጉዳዩን በ«በት» ለይቶ በቅጽበት ይረዳል። ሰበረ ብሎ ሰባሪ፣ ስብራት፣ መስበሪያ ሲልም፣ ሦስቱን ተነባቢ እንደ ያዘ አናባቢውን በመካከላቸው ይለዋውጣል፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ይልቁንም በፊትና በኋላ እየተቀጠለ ስለሚረዝም፣ ውስጡ ሳይበጠበጥ ሊከፈል ይችላል። ከሁለቱ የሚከብደውን የቻለ ልጅ፣ የሚቀለውን የሚፈራበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ሥራውን በተግባር ላሳይና ልፈጽም። ተማሪው «ኢንኮምፕረሄንሲቢሊቲ» የሚል ቃል አገኘ እንበል። በመጀመሪያ ከኋላ ይነሣ፤ «ኢቲ» የእኛን «ነት» የሚመስል የስም መድረሻ ነው፣ ያንሣው፤ «ኢቢል» መቻልን የሚያመለክት ነው፣ ያንሣው። ከዚያ ወደ ፊት ይመለስ፤ «ኢን» አሉታ ነው፣ «ኮም» አብሮ ወይም አጠቃሎ ማለት ነው። የቀረው ዘር «ፕረሄንስ» ነው፤ ከላቲን የመጣ ሲሆን መያዝ፣ መጨበጥ ማለት ነው። ቢገጣጠም፣ አጠቃሎ ሊጨበጥ አለመቻል፣ ማለት በአእምሮ የማይመረመር መሆን ይሆናል፤ ይህንንም ከዐረፍተ ነገሩ ጋራ ያስተያየው፣ በመዝገበ ቃላትም ያረጋግጥ። ትርጉሙን ከያዘ በኋላ ለአፉ ይክፈለው፤ «ኢን-ኮም-ፕረ-ሄን-ሲ-ቢል-ኢ-ቲ» ስምንት ቀለም ነው፤ መድረሻው «ኢቲ» ስለ ሆነ ጉልበቱ ከእርሱ በፊት ባለችው በ«ቢል» ላይ ይውደቅ። በግዕዝ ጸሎት ውስጥ ስለ እግዚአብሔር «ዘኢይትገመር» ሲባል የሰማ ሰው፣ በ«ኢ» አሉታን፣ በ«ገመረ» ወስኖ መያዝን ለይቶ እንደሚያውቅ፣ ይህንኑ ሐሳብ በእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ በዚሁ ሥርዐት ያገኘዋል።

መምህራን ሆይ፤ የእናንተ ድርሻ ለተማሪው በየሳምንቱ ሃምሳ ቃል እንዲያጠና ማዘዝ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ቃላት የሚያወጡለትን ጥቂት መነሻዎች፣ ጥቂት መድረሻዎችና ጥቂት ዘሮች በየጊዜው እየጨመሩ መስጠት ነው፤ ቃሉንም በሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ለትርጉም፣ አንድ ጊዜ ለአነጋገር፣ ከፍሎ ማሳየት ነው። ተማሪዎችም ሆይ፤ ረዥም ቃል ባጋጠማችሁ ጊዜ «ይህን ቃል አላውቀውም» ማለትን ትታችሁ «ከዚህ ቃል ውስጥ የማላውቀው ይህችን አንዲት ክፍል ብቻ ነው» ማለትን ልመዱ፤ የማያውቀውን ነገር በትክክል ለይቶ የጠቈመ ሰው መዝገበ ቃላቱን በምን ላይ እንደሚገልጥ ያውቃልና።